ገበያው ቀዘቀዘ ከማለታችን በፊት

ባለፈው ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ ከሀዋሳ ደወለልኝ። ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከጓደኛው ጋር ትንሽ ጁስ ቤት ከፍቷል። ሰላምታችን ሳያልቅ ወደ ጉዳዩ ገባ፦ «ጋሼ፣ 80 ሺህ ብር ብታበድረኝ በስድስት ወር እመልስልሃለሁ።»

ለምን እንደፈለገው ጠየቅኩት። አንድ ተጨማሪ መፍጫ ሊገዛ ነው፣ መብራት ያለው ማስታወቂያ ሊያሠራ ነው፣ ቲክቶክ ላይ ቪዲዮ የሚሠራለት ልጅም አግኝቷል። «በጾም ወቅት ሰልፍ ነበር፤ አሁን ገበያው ቀዝቅዟል። ትንሽ ካልገፋሁት ይሞታል» አለኝ።

«ከአንድ ብርጭቆ አቮካዶ ስንት ታተርፋለህ?» አልኩት።

ዝም አለ። ቆይቶ «ያው… ጥሩ ነው» አለ።

ይህን ዝምታ በደንብ አውቀዋለሁ። እኔም ለዓመታት «ያው ጥሩ ነው» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ብሩን ከመላኬ በፊት የራሴን ጉድ ነገርኩት። እናንተም ስልካችሁን ይዛችሁ «ሥራዬን እንዴት ላሳድግ» እያላችሁ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ለእሱ የነገርኩትን ልንገራችሁ።

ስድስት ኪሎ አካባቢ ትንሽ ኮፒ ቤት አለችኝ። በ2011 ዓ.ም. ስከፍታት ግማሹ ብር የራሴ ቁጠባ፣ ግማሹ ደግሞ የእናቴ እቁብ ነበር። እናቴ እቁቡ የደረሳት ቀን ብሩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው ያመጣችልኝ። እኔ ቀን ሌላ ሥራ ስላለኝ ሱቁን የሚያንቀሳቅሱት ሁለት ልጆች ናቸው። በመጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ «በቃ አለቀልን» ብለን ነበር፤ እንደምንም አለፍነው። ተማሪው ተመለሰ፣ ማሽኑም መጮህ ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የተበላሸው። እንደ ኮሮናው በአንድ ቀን ቢሆን ኖሮ እንኳ ይታየኝ ነበር። መምህሩ ሃንድአውቱን ቴሌግራም ላይ ይለቃል፣ ተማሪው ከስልኩ ላይ ያነባል። ድሮ አንድ ክፍል ሙሉ ተሰልፎ ኮፒ ያስደርግ የነበረውን አሁን አምስት ልጅ ብቻ ያስደርገዋል። በ2015 የመውጫ ፈተና ሲጀመር ለጥቂት ወራት የድሮው ግርግር ተመልሶ ነበር። እኔም ተሸወድኩ። «ገበያው መጣ» ብዬ ከአንድ አበዳሪ ተቋም 150 ሺህ ብር ተበድሬ ሁለተኛ ኮፒ ማሽን ገዛሁ። ፈተናው አለፈ፣ ሰልፉ ተበተነ፣ ማሽኑ ግን ፕላስቲክ ለብሶ ጥግ ላይ ቆመ። በየወሩ የብድሩን ክፍያ የምከፍለው ከደሞዜ ነበር። እናቴ በየበዓሉ «ሱቋ እንዴት ናት?» ትለኛለች። «እግዚአብሔር ይመስገን» እላታለሁ። ሌላ ምን ልበላት?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ የባሰው መጣ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የምንጠቀምበት ወረቀትና ቀለም ከውጭ የሚገባ ነው። ለኮፒ ቤት ሐምሌ እንደሆነ ድሮም ክፉ ወር ነው፤ ተማሪው እረፍት ይወጣል፣ የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋይም ያኔ ግብሩን ይከፍል የነበረው በዚሁ ወር ነበር። መርካቶ ወረቀት የሚያቀርቡልኝ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ አሉ፤ በነሐሴ ስሄድ ዋጋውን ሰምቼ ደንግጬ ቆምኩ። «ኮፒ ስንት ነው የምትሸጠው?» አሉኝ። «ሦስት ብር» አልኳቸው። ሳቁ። «ልጄ፣ ያለፈው ወረቀት ስንት እንደገባ አትቁጠር። ዋጋህን የሚቆርጥልህ የሚቀጥለው ወረቀት ነው» አሉኝ።

በዚያን ሰዓት አልገባኝም። የገባኝ ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ነው። ስሌቱን እዚሁ አስቀምጠዋለሁ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ስለሆነ።

የዚያን ቀን አንድ ደስጣ፣ ማለትም 500 ቅጠል ወረቀት፣ በ750 ብር ገዛሁ። አንዱ ቅጠል 1 ብር ከ50 ሳንቲም ሆነ ማለት ነው። ቀለሙና የማሽኑ ጥገና ለአንድ ገጽ 55 ሳንቲም ገደማ ይመጣል። ተጨማድዶና ተበላሽቶ የሚጣለውን 10 ሳንቲም ብንለው፣ አንድ ገጽ በ2 ብር ከ15 ሳንቲም ይወጣል። በ3 ብር ስንሸጠው 85 ሳንቲም ይተርፈናል። ደስ ይላል አይደል?

አሁን ሌላውን እዩ። ኪራይ፣ የሁለት ልጆች ደሞዝና መብራት በወር 26 ሺህ ብር ይመጣል። ይህን በ85 ሳንቲም ለመሸፈን በወር ከ30 ሺህ ገጽ በላይ ኮፒ ማድረግ አለብን። በ26 የሥራ ቀን ስናካፍለው በቀን ወደ 1,180 ገጽ ነው። እኛ የምናደርገው 700 ነበር። 700 ገጽ በወር 15,470 ብር ያስገባል። ጥረዛ ደግሞ በቀን ስድስት ያህል እንሠራለን፤ ከአንዱ 32 ብር እናተርፋለን፣ በወር 5 ሺህ ገደማ ይሆናል። ሁለቱ ተደምረው ወደ 20,500 ብር። በየወሩ 5,500 ብር ገደማ ይጎድላል። ብድሩን ሳንቆጥር ነው ይሄ። እኔ ደግሞ ማታ ሳልፍ ከመሳቢያው ለቤት የምወስደው ብር ነበረ፤ አንዳንዴ 200፣ አንዳንዴ 500። ለነገሩ ስንት እንደምወስድ የማውቀው ነገር አልነበረም።

ማለትም ሱቁ ቆሞ አልነበረም። በየቀኑ እየሠራ፣ በየቀኑ እየከሰረ ነበር። እኔ ደግሞ ይህንን የሚከስር ሥራ ለማብዛት ተበድሬ ሁለተኛ ማሽን ጨምሬለታለሁ!

ለዚህ ነው «ሥራህ ከቆመ ማርኬቲንግ ጨምር፣ ቅርንጫፍ ክፈት፣ ትልቅ አስብ» የሚሉን የቲክቶክ መካሪዎች የሚያናድዱኝ። ልጆቹ ክፋት የላቸውም። ግን ምክራቸው በሙሉ «ጨምር» ነው። የሚያፈስ እንስራ ላይ ውኃ ብትጨምሩ ወለሉ ይረጥባል እንጂ እንስራው አይሞላም።

ታዲያ ምን አደረግኩ? ሁለት ደብተር ገዛሁ። አንዱ የታወቀው ነው፤ የገባውና የወጣው ብር ይጻፍበታል፣ እኔ የምወስደው ሳይቀር። ለራሴ በወር ቁርጥ ያለ ክፍያ መድቤ ከመሳቢያው እጄን አነሳሁ። እናንተ ከእኔ ይሻላችኋል፤ ደንበኛ በቴሌብር ወይም በባንክ ሲከፍላችሁ ስልካችሁ ግማሹን ደብተር ራሱ ይጽፍላችኋል። ችግሩ የሱቁም ብር፣ የእናንተም ደሞዝ፣ ጓደኛ የመለሰላችሁም ብድር እዚያው አንድ አካውንት ውስጥ መግባቱ ነው። ሌላ ምንም ባታደርጉ ለሱቁ ብቻ የሆነ የተለየ አካውንት ክፈቱ።

ሁለተኛው ደብተር ግን የእኔ ሐሳብ አይደለም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከእኛ ጋር የምትሠራው ልጅ ነች ያመጣችው። ስሌቱን ሳሳያት ብዙም አልገረማትም። «ጋሼ፣ ሰው እኮ ይመጣል። የምንመልሰው እኛ ነን» አለችኝ።

«ማንን ነው የምንመልሰው?»

«ስልክ ይዞ የሚመጣውን።»

እውነቷን ነው። ከዓመት በፊት እኔ ራሴ ነኝ «ስልክ ይዞ የሚመጣ ሰው ጊዜ ይፈጃል፣ ኮፒ የሚያደርገውን ያስቆምብናል» ብዬ የከለከልኳት። እንግዲህ እንጻፈው ተባባልን። ሰው መጥቶ ጠይቆን «የለም» ወይም «አንሠራም» ያልነውን ሁሉ፣ አንድ ወር ሙሉ፣ በአንድ መስመር። ብር የለም፣ ስም የለም፤ የተጠየቀው ነገር ብቻ።

በወሩ መጨረሻ ደብተሩን ስከፍተው አፈርኩ። 71 መስመር ነበር። «የፓስፖርት ማመልከቻ ኦንላይን ሙሉልኝ»፣ «ሲቪ ጻፉልኝ»፣ «የፎቶውን መጠን አሳንሱልኝ፣ ሲስተሙ አልቀበል አለኝ»፣ «አምስቱን ፒዲኤፍ አንድ አድርጉልኝ»፣ «ፋይዳዬን ከስልኬ ላይ አትሙልኝ»። ገበያው ቀዝቅዟል ስል የነበርኩት ሰውዬ 71 ሰው «ሂድ» ብዬ መልሻለሁ። ፒዲኤፍ ሥራዬን ወሰደብኝ እያልኩ ሳማርር፣ ፒዲኤፉ ያስቸገረው ሰው በሬ ላይ ቆሞ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አሳጥሬ ልንገራችሁ። ዋጋ ጨመርን። ጎረቤት ያለው ኮፒ ቤት 3 ብር ነበርና ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ። ከ50 ገጽ በታች ለሆነ 5 ብር አደረግነው፤ የመመረቂያ ጽሑፍና ብዙ ገጽ ለሚያመጣ ብቻ ዋጋውን ዝቅ አደረግንለት። የተሳደበ አለ፣ የሄደም አለ። በቀን 700 የነበረው ገጽ 450 ሆነ። ግን በአማካይ አንዱ ገጽ 4 ብር ስለሚገባ የሚተርፈው 1 ብር ከ85 ሳንቲም ነው፤ በወር 21,600 ብር ገደማ። ባነሰ ወረቀት፣ ባነሰ ድካም ከበፊቱ 6 ሺህ ብር በለጠ። የስልኩ ሥራ ደግሞ ወረቀት አይፈጅም፣ ቀለም አይፈጅም፤ የሚፈጀው ልጅቷ ያላት ትዕግሥት ነው። በቀን ስምንት ዘጠኝ ሰው ይመጣል። ለዚህ ሥራ ከሚገባው ላይ ድርሻ አለሽ አልኳት። መጀመሪያ አላመነችኝም፤ የወሩ መጨረሻ ላይ ቆጥራ ስትወስድ ግን አመነች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፣ ከርዕሱ ትንሽ ቢወጣም። እንዲህ ዓይነት ሥራ የምትጀምሩ ልጆች፣ ሰው ስልኩን ሲሰጣችሁ መታወቂያውን፣ የሚስጥር ቁጥሩን፣ አንዳንዴም የባንክ መልእክቱን አብሮ ነው የሚሰጣችሁ። እኛ ጋ ሕጉ አንድ ነው፤ ሥራው እንዳለቀ ፋይሉ በደንበኛው ፊት ይጠፋል፣ የሚስጥር ቁጥሩን ደግሞ ራሱ ይጽፋል። አንድ ቀን ብታጭበረብሩ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። በቃ።

ዱቤም ነበረብን። ሌላ ደብተር አይደለም፤ በየወረቀቱ ቁራጭ የተጻፈ። ስንሰበስበው 23,400 ብር ሆነ። አብዛኛው «ደብዳቤው ይፈረም፣ ደረሰኙ ይምጣ» የሚሉ የአካባቢው ቢሮዎች ናቸው። በየሳምንቱ ማክሰኞ አንዱ ልጅ እየዞረ 15 ሺህ ያህሉን አስመለሰ፤ ቀሪውን ተውኩት። ሁለተኛውን ማሽን ሸጥኩት። በገዛሁበት ዋጋ ስለሸጥኩት «ዕድለኛ ነህ» ያለኝ ሰው አለ። ብሩ ግን ያ ብር አልነበረም፤ በዚያው ገንዘብ ያንኑ ማሽን መልሼ መግዛት አልችልም። ሽማግሌው የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው ጠልቆ የገባኝ። ዛሬ ሸጣችሁ ነገ መልሳችሁ ማስገባት ካልቻላችሁ፣ እየሸጣችሁ ያላችሁት ዕቃውን ሳይሆን ሱቁን ነው። ማሽኑ ከተሸጠ በኋላ የብድሩ አብዛኛው ተዘጋ።

ይህን ስል ግን «ችግሩ ሁሉ የእናንተ ነው» እያልኩ እንዳይመስላችሁ። አይደለም። አከራይ በአንድ ጊዜ ኪራይ ሲያስጨምር፣ መንገዱ ተቆፍሮ ሰው ወደ ሱቃችሁ መግባት ሲያቅተው፣ አካባቢው ፈርሶ ደንበኛው ሌላ ሰፈር ሲሄድ ደብተር ምን ያደርጋል? ደብተር መንገድ አያስጠርግም። ጎረቤቴ የነበረ ኢንተርኔት ካፌ ያለው ሰው አንድ ቀን ኮምፒውተሮቹን ሸጦ ዘጋ። ሁላችንም «ወይኔ፣ ከሰረ» አልን። እሱ ግን ካፒታሉ ሳያልቅ ነው የወጣው፤ ዛሬ ቤተሰቡ ጋ ሄዶ እንቁላል ያከፋፍላል፣ ከሁላችንም ይሻላል። መዝጋት አንዳንዴ ሥራ ማዳን ነው። እኔ ያልዘጋሁት ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም፤ 71 መስመር ስላገኘሁ ነው። ደብተሩ ባዶ ቢሆን ኖሮ እዘጋ ነበር፣ ለእናቴም ቁርጡን እነግራት ነበር።

ብድርም ጠላቴ አይደለም። «ስጡኝ» ያሏችሁንና የምታተርፉበትን ዕቃ በብር እጥረት ማቅረብ ካቃታችሁ ተበደሩ፤ ያኔ ብድሩ ራሱን ይከፍላል። እቁብም ቢሆን ይህንኑ አስቡበት፤ መጀመሪያ ለደረሰው ብድር ነው፣ መጨረሻ ለደረሰው ቁጠባ ነው። ወለድ ስለሌለው ብቻ ነጻ ብር አይደለም፤ ቀን ሲደርስ ዳኛው ይደውላል። ገበያው ለምን እንደሄደ ሳታውቁ ግን እንዲመለስ ብላችሁ አትበደሩ። እኔ ያደረግኩት ይህንኑ ነው፤ በደሞዜ ከፍዬበታለሁ።

ለአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ ስነግረው «ጋሼ፣ ብሩን አልሰጥም ካልክ በቀጥታ በለኝ» አለኝ። አኩርፏል። «እሰጥሃለሁ፣ መጀመሪያ ግን አንድ ሳምንት ጻፍልኝ። የምትገዛውን አቮካዶ፣ የምትጥለውን አቮካዶ፣ ሰው ጠይቆ የለም ያልከውን» አልኩት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው ማለት ይቻላል።

ትናንት ማታ በቴሌግራም የደብተር ገጽ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ጽሑፉ እንደ ሐኪም ነው፤ አጉልቼ ነው ያነበብኩት። በሳምንት ከገዛው 40 ኪሎ አቮካዶ ውስጥ 9 ኪሎ በስብሶ ተጥሏል። የጓደኛው ስም ፊት «ያለ ሒሳብ የተጠጣ» የሚል መስመር አለ፤ ቁጥሩን አልናገርም፣ እነሱ ይነጋገሩበት። ከታች ደግሞ «የለም ያልነው» በሚለው ሥር አንድ ነገር ደጋግሞ ተጽፏል፦ ወደ ቢሮ ይዘነው የምንሄደው፣ ክዳን ያለው። በሰባት ቀን 17 ጊዜ።

ስለ 80 ሺህ ብሩ ምንም አላነሳም። «ክዳን ያለው የፕላስቲክ ብርጭቆ መርካቶ በጅምላ ስንት ይሆን?» ብቻ ነው ያለው። ነገ ወረቀት ልገዛ ስሄድ እጠይቅለታለሁ።